ቆርቆሮ ያልነፈገ ሕዝብ አስራት ለምን ነፈገ? የአንድ የደሴ አጥቢያ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የተነሣበት

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ደሴ ውስጥ ያለ አንድ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያ ለአገልጋዮቹ የ2 ወር ደመወዝ መክፈል አቃተው። በዚያው ክረምት የቤተ ልሔሙ ጣሪያ ያፈስ ጀመር። አስተዳዳሪው ከቅዳሴ በኋላ ወጥተው «ኅብስቱ የሚሰናዳበት ቤት ዝናብ ገባበት» ብለው ሁለት ደቂቃ ያህል ተናገሩ። ለጣሪያው 26 ቆርቆሮ ይበቃ ነበር፤ በሳምንቱ 40 ገባ። ምስማሩን አንድ ነጋዴ ቻለ፣ የአናጺውን የእጅ ዋጋ አንዲት እናት ከፈሉ። ከ40ዎቹ 6ቱን ያመጡት የሰፈሩ ሙስሊም ጎረቤቶች ናቸው፤ ይህ ለወሎ ሰው ዜና አይደለም። የተረፈው 14 ቆርቆሮ የዘበኛው ቤት ጣሪያ ሆነ። ካህናቱ ግን በዚያም ወር ደመወዝ አላገኙም።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው «ሕዝቡ እጁ አጥሮታል» ብሎም «ሕዝቡ ንፉግ ነው» ብሎም ማለፍ አይችልም። ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገው ለዚህ ነው። የአጥቢያውም የሰዎቹም ስም ቀርቷል።

አጥቢያው

አጥቢያው ቀሳውስት፣ ዲያቆናት፣ መሪጌታ፣ ዘበኛና የጽዳት ሠራተኛ ተደምረው 11 ደመወዝተኞች አሉት። ምእመናኑ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የሰኞ ገበያና የሸዋ በር ነጋዴዎች፣ ጠዋት ጠዋት በሐረጎ ወርደው ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚውሉ ወጣቶች፣ ጡረተኞች፣ እንዲሁም ልጆቻቸው ዓረብ አገር ሠርተው የሚልኩላቸው እናቶች ናቸው።

ገቢው ከአምስት ቦታ ይመጣል፦ ከሙዳየ ምጽዋት (ከምጽዋት ሣጥን)፣ ከሰበካ ጉባኤ (አጥቢያውን ከሚመራው የካህናትና የምእመናን ጉባኤ) አባልነት ክፍያ፣ ከስዕለት፣ ከጧፍና ዕጣን ሽያጭ፣ ከአንዲት የኪራይ ሱቅ። አስራት፣ ማለትም ከገቢ ከአሥር አንዱን መስጠት፣ በወረቀት ላይ ስድስተኛ ነበር፤ በተግባር የሚያወጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከተማዋ በጥቅምት 2014 መጨረሻ በጦርነቱ ተይዛ ኅዳር 27 እስክትመለስ ድረስ ብዙ ሕዝብ ተሰዷል፤ የአባላት መዝገቡም የጠፋው ያኔ ነው። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ማን አባል እንደሆነ እንኳ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም።

ቃሉ ይዞት የመጣው ጣጣ

ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር አለ፤ «አስራት» የሚለው ቃል በአገራችን ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ግብር ስም ነበር። ከክፉ ቀን በኋላ፣ በ1880ዎቹ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ወታደሩ ገበሬው ቤት እየገባ መብላቱ እንዲቀር ብለው ከአዝመራው ከአሥር አንድ እጅ እንዲሰበሰብ አደረጉ። ገማች ማሳ ላይ ቆሞ ይገምታል፣ ገበሬው ያስረክባል። ይህ አስራት ቀርቶ በእርሻ ገቢ ግብር የተተካው በ1960 ዓ.ም. ነው፤ ጎጃም ውስጥ ዓመፅ ያስነሣው አዋጅ ማለት ነው። ዛሬ 70 እና 80 ዓመት የሆናቸው ሰዎች አባታቸው አስራት ሲያስገምት አይተዋል። አንዲት አሮጊት ስለ አስራት ሲጠየቁ፣ «አስራትማ ጭቃ ሹሙ ነው የሚወስደው፤ አሁን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ጀመረች?» አሉ። መቀለዳቸው አልነበረም።

በሌላ በኩል ካህኑ የሚያድረው ለአገልግሎቱ በተሰጠው የሰሞን መሬት እንጂ በምእመኑ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም። የሰበካ ጉባኤን ሥርዓት ያቆመው ቃለ ዓዋዲ የወጣው በ1965 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሳይቆይ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት እጅ ሲገባ አጥቢያዎች በምእመናን ኪስ ላይ ወደቁ። ደመወዝ ከፍሎ ካህን ማኖር በዕድሜ ከሁለት ትውልድ የማይበልጥ ልማድ ነው ማለት ነው። ለታቦት፣ ለንግስ፣ ለጣሪያ መስጠት ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ሕዝቡ ቆርቆሮውን ያለ ልመና ያመጣው የለመደው ነገር ስለሆነም ጭምር ነው።

የመጀመሪያው ሙከራና ውድቀቱ

ሰበካ ጉባኤው መስከረም 2015 ላይ ዘመቻ ጀመረ። ሦስት ነገር አደረገ። እንግዳ ሰባኪ ጠርቶ ሦስት እሑድ በተከታታይ ሚልክያስ 3ን፣ በተለይም ስለ እርግማን የሚናገረውን ቁጥር 9ን፣ አስሰበከ። የከፈሉትን ሰዎች ስም ከነገንዘቡ በድምፅ ማጉያ አስነበበ። የሰርግና የፍትሐት ወረቀት የሚጽፈው ጸሐፊም አስቀድሞ የአስራት ደረሰኝ እንዲጠይቅ አዘዘ።

በመጀመሪያው ወር ገቢው ከፍ አለ፣ በሁለተኛው ወረደ፣ በሦስተኛው ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት ከነበረውም አነሰ።

ምክንያቱ ቆይቶ ታወቀ። አንዲት መምህርት 150 ብር መስጠቷ ተነበበ። ሰሚው ወዲያው በአሥር አባዛው፤ «ደመወዟ 1,500 ነው ማለት ነው?» ጥቅል ደመወዟ 4,000 እንደሆነ የሚያውቅ ጎረቤት ደግሞ የቀረውን ሰርቃለች አለ። ሴትዮዋ ከአስራቷ የሚበዛውን ለታመመች አክስቷ መድኃኒት ታውል ነበር፤ ይህን ማንም አልጠየቃት። ከዚያ እሑድ በኋላ ሌላ አጥቢያ ማስቀደስ ጀመረች።

የነጋዴዎቹ መሸሽ ሌላ መልክ ነበረው። ስሙ ከነገንዘቡ የተነበበ ነጋዴ በሳምንቱ ብድር ጠያቂ በረከተበት። ከዚያ የሚብሰው የግብር ነገር ነው። በዚያን ጊዜ በደረጃ «ሐ»፣ ማለትም መንግሥት በሚገምትለት ቁርጥ መጠን፣ ግብር ይከፍል የነበረ ባለሱቅ አስራቱ በአደባባይ ሲነበብ ትርፉም አብሮ ተነበበ ማለት ነው። ግምቱ ልክ ይሁን አይሁን የራሱ ጉዳይ ሆኖ፣ በማይክሮፎን እንዲታወጅለት የሚፈልግ ነጋዴ የለም። ከዚያ በኋላ ነጋዴዎቹ 50 እና 100 ብር በሙዳየ ምጽዋት እየጣሉ ዝም አሉ።

የፍትሐት ወረቀቱ ትእዛዝ በ6 ሳምንት ተሻረ። ሐዘንተኛ በር ላይ አቁሞ ደረሰኝ የጠየቀው ጸሐፊ በሰፈሩ ቅሬ (ዕድር) ላይ ስሙ ተነሥቶ ነበር።

ሰዎቹ ሲጠየቁ

ታኅሣሥና ጥር ላይ የሰንበት ትምህርት ቤቱ 6 ወጣቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ 93 ቤት አንኳኩ። የያዙት አምስት ጥያቄ ሲሆን አንዱም «ስንት ትከፍላላችሁ?» የሚል አልነበረም። ባለፈው ዓመት ለእግዚአብሔር ብላችሁ ለማን ሰጣችሁ፣ እንዴት ሰጣችሁ፣ ምን ሆነ የሚል ነበር። ይህ የጥያቄ አቀራረብ በሥራው ሁሉ ውስጥ ትልቁን ፋይዳ ያመጣ ነው ብንል አናጋንንም።

ሕዝቡ ይሰጣል። አብዛኛው የሚሰጠው ግን ወደ አጥቢያው መዝገብ አይገባም። ወረኢሉ ተወልዶ ደሴ የሚኖር ሰው ለንግስ ሲወርድ ዕጣንና ዘቢብ ይዞ ይሄዳል፤ የደላንታውም የለጋምቦውም እንዲሁ፤ የገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ አጥቶ መቅረቱን በዓይናቸው አይተዋልና። ሌሎች ለንስሐ አባታቸው በእጅ ይሰጣሉ። አንዳንዱ የሙት ልጅ ያሳድጋል፣ «አስራቴ ይኸው፣ ትምህርት ቤት ነው ያለው» ይላል። የአባልነት ክፍያና አስራት አንድ የመሰላቸውም ብዙ ነበሩ።

በተደጋጋሚ የመጡት ሁለት ጥያቄዎች ግን «ሣጥኑን የሚከፍተው ማነው?» እና «ከምኑ ላይ ነው አሥር እጅ የሚወጣው?» የሚሉ ናቸው። ሁለተኛውን በተለይ የሚያነሡት ዘመዶቻቸው ሙስሊም የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ዘካ ዓመት በዞረበትና ከኒሳብ (ዘካ ከሚጀምርበት ዝቅተኛ መጠን) ባለፈ ሀብት ላይ ከ40 አንድ እንደሚወጣ ከዘመዶቻቸው ያውቃሉ፤ ከምን ላይ፣ መቼ፣ ለማን የሚለው ሁሉ ተለይቶ የተቀመጠ ነው። «የእኛስ?» ሲሉ ከአጥቢያው አንድ ወጥ መልስ የሚሰጣቸው አልነበረም።

ቆጠራው

ሰበካ ጉባኤው የካቲት 2015 ላይ ከሣጥኑ ጀመረ። አስራት ከመጠየቅ በፊት ያለውን መቁጠር ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ የአንድ ጡረታ የወጡ ሒሳብ ሹም ነው። ማስረጃቸውም ከመጽሐፍ ነበር፤ 2ኛ ነገሥት 12 ላይ ካህኑ ዮዳሄ ክዳኑ የተነደለ ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ አስቀመጠ፣ ገንዘቡ ሲበዛ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን አብረው ቆጠሩት። ሐዋርያው ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21 የተሰበሰበውን ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፍበት ከሌሎች ጋር ያስይዛል። ይህ ትምህርት ከሚልክያስ እርግማን ይልቅ ጆሮ አገኘ።

አጥቢያው 5 ሣጥን ነበረው፤ የሁሉም ቁልፍ በገንዘብ ያዡ ኪስ፣ የሚከፈቱትም ሲሞሉ ብቻ። የግቢው በር ሣጥን አፉ ወደ ላይ የተቀደደ ስለሆነ ክረምት ውኃ ይገባዋል። ከታች የተገኘው ብር እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ገሚሱ ሰም ይዞ፣ አንዱ ሻግቶ ነበር። በ2013 የብር ኖት ሲቀየር ጊዜው ያለፈባቸው የድሮ ባለ 100 ኖቶችም ነበሩበት። ማን መቼ እንደጣላቸው አይታወቅም፤ ባንክ አይቀበላቸውም። እነዚህ በዜሮ ብር ተመዝግበው ብዛታቸው ግን ለሕዝብ ተነገረ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ያ ሳቅ ጠቅሟል።

አዲሱ አሠራር እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሣጥን 3 ቁልፍ አለው፤ አንዱ በአስተዳዳሪው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ አንዱ ምእመናን በመረጡት ሰው እጅ ነው፤ ሦስተኛው ሰው በየ6 ወሩ ይቀየራል። የሣጥኖቹ አፍ ወደ ጎን ተቀደደ፣ የውጪው ቆርቆሮ ከለላ ተሠራለት። በየ15 ቀኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ 5 ሰው ይቆጥራል። ጋቢና ነጠላ ከክፍሉ ውጪ ይቀመጣል፤ ቆጣሪ እጅጌውን ይጠቀልላል። ብሩ በባለ 5፣ 10፣ 50፣ 100 እና 200 ይለያል፣ የአንድ ብር ሳንቲም 20 20 እየሆነ በጣውላ ላይ ይደረደራል። አንዱ የቆጠረውን ሌላው ይደግማል። የተቀደደ፣ ያረጀና የውጭ ገንዘብ የየራሱ መስመር አለው። ወረቀቱ በ3 ቅጂ ይፈረማል፣ ሰኞ ጠዋት ባንክ ይገባል፣ የባንኩ ደረሰኝ ቁጥር በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ አንዱ ቅጂ በማስታወቂያ ሰሌዳው ይለጠፋል።

በሦስተኛው ቆጠራ ባንኩ 200 ብር ትርፍ አገኘ። ሁለት አዳዲስ ባለ 200 ኖቶች ተጣብቀው እንደ አንድ ተቆጥረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለ 200 ኖት በጣት እየታሸ ነው የሚቆጠረው። ስሕተቱ በሰሌዳው ላይ እንደ ተገኘ ተጻፈ። «ያመንኩ ይመስለኛል» ያሉ አንድ አባት ያመኑበትን ቀን ሲጠየቁ የጠቀሱት ይህንን ነው።

ከምን ላይ ይወጣል?

የአስራት ሥሌት ወረቀት የተዘጋጀው ሐምሌ 2015 ላይ በአስተዳዳሪው፣ በአንድ መምህርና በሁለት ሒሳብ አዋቂዎች ነው። አንድ ገጽ ብቻ ነው። ከነገሩ ሁሉ ክርክር የበዛበት ክፍል ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እንየው።

ለደመወዝተኛ። ጥቅል ደመወዙ 4,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በዚያን ጊዜ በነበረው ሠንጠረዥ መሠረት የሥራ ግብሩ 497.50፣ የጡረታ መዋጮው በ7 በመቶ 280 ብር ነው። እጁ የሚገባው 3,222.50 ነው። በጥቅሉ ከሆነ አስራቱ 400፣ በተጣራው ከሆነ 322.25 ነው፤ ልዩነቱ 77.75። ወረቀቱ ሁለቱንም ተቀበለ፤ ዝቅተኛው በተጣራው ነው፣ በጥቅሉ የሚያወጣ ይባረክ አለ። አንድ ጡረተኛ «በጥቅሉ ሳወጣ ኖሬ አሁን ከጡረታዬ ላይ ደግሜ ላወጣ ነው?» ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ የሚከተለው ነው። በሠራተኛው 7 በመቶ ላይ አስራት ወጥቶበታል፤ አሠሪው በጨመረው 11 በመቶ ላይ ግን አልወጣበትም። ስለዚህ ከጡረታው ከግማሽ በላይ የሆነው ገና አልተነካም። ሰውዬው ስቀው ሙሉውን ማውጣት ቀጠሉ።

ለነጋዴ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በወር 90,000 ብር የሸጠ ባለሱቅ ለዕቃው 76,000፣ ለኪራይ 4,500፣ ለረዳቱ 2,500፣ ለመጓጓዣ 1,000 ካወጣ የቀረው 6,000 ነው። አስራቱ 600 ነው። አንድ የሰኞ ገበያ ነጋዴ ግን ከሽያጩ ላይ ነው ብሎ ሁለት ወር ሞክሮ ነበር፤ 9,000 ማለት ነው፣ ትርፉን በልቶ ከዋናው ይነካል። በሦስተኛው ወር ፈጽሞ አቆመ። ሰነፍ ተብሎ ታማ እንጂ ቁጥሩን ያየለት አልነበረም። በተቃራኒው ደግሞ የቤት አስቤዛና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከወጪ ጋር አይቀነስም፤ ይህን ደባልቆ «ምንም አልተረፈኝም» የሚለውም ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ለቀን ሠራተኛ። በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ስለማይቻል ቤት ውስጥ ጣሳ ተበጀለት፤ ከ300 ብር 30 እየተጣለ ቅዳሜ ማታ ይቆጠራል። ዕቁብ ለደረሰው ሰው በተረከበው ገንዘብ ላይ አስራት የለበትም፤ የራሱ ገንዘብ ተጠራቅሞ የመጣ ስለሆነ በየሳምንቱ ከተገኘው ላይ ወጥቶበታል። ብድርም እንዲሁ።

ዓረብ አገር ስለሚላክ ገንዘብ ብዙ ተከራከሩ። ልጅቱ ጅዳ ሆና አስራቷን አውጥታ ለእናቷ ከላከች እናትየው ደግማ ታወጣለች? ወረቀቱ፣ «የሚያወጣው የሠራው ሰው ነው፤ እናትየው ልጇን ጠይቃ ትወቅ» አለ። ይህ መልስ ለእናቶቹ የስልክ ወሬ ሆነ። ከመካከላቸው አንዷ ልጇ ሦስት ዓመት ሙሉ የአጥቢያው ስም እንኳ ስለጠፋባት ለማን እንደምትሰጥ ግራ ገብቷት መኖሯን የሰሙት ያኔ ነው።

እርዳታ የሚቀበሉ ባልቴቶችና አቅመ ደካሞች ከነጭራሹ አይጠየቁም። ዘዳግም 14፥28-29 በየሦስተኛው ዓመት አስራቱን የሚበሉት ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ መሆናቸውን ይናገራል፤ እነርሱ ተቀባይ ናቸው።

በኩራትን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ፍሬ ወይም ገቢ ለእግዚአብሔር መስጠትን፣ በተመለከተ አጥቢያው ያልተጠበቀ ችግር ገጠመው። አንዲት ሥራ የጀመረች ነርስ የመጀመሪያ ደመወዟን በሙሉ በኩራት ብላ አስገባች፤ አዲስ ሠራተኛ እንዲህ ማድረግ አለበት የሚል ሰው መክሯት ነበር። በሳምንቱ አከራይዋ በር ላይ ቆመ። መመለስ ይገባል የሚሉና ለእግዚአብሔር የተሰጠ አይመለስም የሚሉ ሁለት ሳምንት ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ከድሆች ገንዘብ የ2 ወር ኪራይ ተከፈለላት። ገንዘቡ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ወጣ፤ ሁሉም ወገን አሸነፍኩ አለ። ከዚያ በኋላ በኩራት ምእመኑ ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ በአቅሙ የሚወስነው ነው የሚል መስመር በወረቀቱ ላይ ተጨመረ።

ካርዱ

መስከረም 2016 ላይ 150 የአስራት መመዝገቢያ ካርድ ታተመ። ካርዱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም፤ ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው መዝገብ በአስተዳዳሪው ካዝና ብቻ ነው። ስም ማንበብ ቀረ። ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ጠቅላላ ድምርና ክፍፍሉ ነው፦ ከ100 ብር አስራት 60 ለአገልጋዮች፣ 20 ለንዋየ ቅድሳት፣ መገበሪያና ጧፍ፣ 20 ለድሆች።

የመጀመሪያው ካርድ 13 መስመር ይዞ ታተመ። ደመወዝ በ12 ወር ነው የሚከፈለው፤ «የጳጉሜን ዕዳ አለብን?» የሚል ጥያቄ ሰበካ ጉባኤውን አንድ ሳምንት አደከመው።

ካርዱ ላይ የተጨመረ አንድ የምልክት ማድረጊያ ቦታ ግን ሁሉን ቀየረ። ሰጪው ከፈለገ ካስገባው ግማሹ ለትውልድ ቀዬው ቤተ ክርስቲያን እንዲሄድ ምልክት ያደርጋል። አጥቢያው በ3 ወር አንዴ ዕጣን፣ ዘቢብና ጧፍ በጅምላ ገዝቶ ይልካል፤ ከገጠሩ አጥቢያ ማኅተም ያለበት የመረከቢያ ወረቀት ይመጣል። የሞባይል ዳታ በሌለባቸው ወራት ፎቶ መላክ ስለማይቻል ወረቀቱ በሰው እጅ ነበር የሚመጣው፤ በሰሌዳው ሲለጠፍ ሰው ተሰብስቦ የራሱን አገር ስም ይፈልጋል። ከደሴ በጅምላ መግዛቱ ሰው በየግሉ ገዝቶ ከሚወስደው ረከሰ። የገጠሩን ምርጫ ካደረጉት አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ለአጥቢያው አስራት አውጥተው አያውቁም።

በስልክ መክፈልም ተጀመረ። ቀድሞ በግቢው በር የተሰቀለው ጨርቅ ላይ የነበረው የባንክ ሒሳብ በአንድ የኮሚቴ አባል ስም የተከፈተ ነበር፤ ክፉ ነገር አልተገኘበትም፣ ግን መኖሩ ራሱ ይበቃል፣ ወረደ። አዲሱ በአጥቢያው ስም በ3 ፈራሚ ተከፈተ። በቴሌብር *127# የሚከፍሉ ሰዎች በምክንያት ቦታው የካርድ ቁጥራቸውን እንዲጽፉ ተነገራቸው፤ ብዙዎቹ ረሱት። መፍትሔው የማን እንደሆነ ያልታወቀውን ገንዘብ ቀኑንና የግብይቱን የመጨረሻ 4 ቁጥር ብቻ ጽፎ መለጠፍ ሆነ፤ ባለቤቱ አይቶ ይመጣል።

የሠራውና ያልሠራው

በመጀመሪያው ወር 38 ካርድ ተሞላ። በስድስተኛው ወር 71 ደረሰ፤ በአሥራ ሁለተኛው ወደ 54 ወረደ። ከጥር 2016 ጀምሮ ደመወዝ ሳይቋረጥ ተከፍሏል። የሙዳየ ምጽዋቱ ገቢ አስራት ሲመጣ ይቀንሳል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ እምብዛም አልተነካም።

የመውረዱ ምክንያት ሁለት ነው። አንዱ ክረምት፣ የትምህርት ቤት ምዝገባና የመስከረም ወጪ ነው፤ ይህ በየዓመቱ ይመጣል፤ በጀት ሲያዝ የክረምቱን ወራት ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው የሚሻለው። ሌላው የአጥቢያው ጥፋት ነው። የሦስተኛው ሩብ ዓመት ሪፖርት ሒሳብ ሹሙ በመታመማቸው ሁለት ወር ዘገየ፤ የሚተካቸው ሰው አልነበረም። ካርዱ የቀነሰው በእነዚያ ሁለት ወራት ነው፤ ሪፖርቱ ሲለጠፍ ከቀሩት አንዳንዶቹ ተመለሱ እንጂ ሁሉም አልተመለሱም። ይህ ጉዳይ ለሌላ አጥቢያ አንድ ነገር ብቻ ቢያስተምር፣ ካርድ ከማሳተም በፊት ሁለት ሰው ሪፖርት እንዲሠራ ማሠልጠን እንዳለበት ነው።

ወጣት የፋብሪካ ሠራተኞች ካርድ አልወደዱም። ደመወዛቸው ከቤት ኪራይና ከትራንስፖርት የሚተርፍ አይደለም፤ የሐረጎ መንገድ ሒሳቡ ብቻውን ከባድ ነው። ሰበካ ጉባኤው መጀመሪያ ካርድ ውሰዱ ብሎ ሲወተውታቸው ከሰንበት ትምህርት ቤትም ቀሩ። ኋላ በወር አንድ ቅዳሜ የጉልበት ሥራ፣ የግቢ ጽዳትና የመብራት ጥገና ሲሰጣቸው ተመለሱ። ይህ አስራት አይባልም፤ ሰበካ ጉባኤውም አስራት ነው አላለም።

ሌላ አጥቢያ ይህን ሊሞክር ቢፈልግ ቅደም ተከተሉን ቢጠብቅ ይሻላል። ቆጠራው ከስብከቱ፣ የሥሌት ወረቀቱ ከካርዱ ይቅደም። ካርዱ 12 መስመር ይበቃዋል። ሰሌዳው ላይ ድምር ይለጠፍ፣ ስም አይለጠፍ። ሰው አስቀድሞ የሚሰጥበትን ቦታ፣ የትውልድ ቀዬውንም ሆነ የሙት ልጁን፣ ሳይጠይቁ ወደ አጥቢያው አምጣ ማለት ግን ከሌላው ድሀ አፍ መንጠቅ ሆኖ ይታያል። የኮምቦልቻ አንድ አጥቢያ ይህን ሳይጠይቅ ካርዱን ብቻ ቀድቶ ነበር፤ በ4 ወር ተወው።

ያልተቋጨው

ለወረዳ ቤተ ክህነትና ለሀገረ ስብከት የሚሄደው ፐርሰንት በአስራቱ ሙሉ ድምር ላይ ይሰላ ወይስ የድሆቹና የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ድርሻ ተቀንሶ ይሰላ የሚለው እስካሁን መልስ አላገኘም። አጥቢያው በሙሉ ድምሩ ላይ እየከፈለ ደብዳቤ ጽፏል።

ለንስሐ አባት በእጅ የሚሰጠውም እንደዚያው ነው። አንዳንድ ካህናት ካርዱ ድርሻቸውን የሚቀንስ መሰላቸው፤ ደመወዛቸው ሳይቋረጥ ሲመጣ ገሚሶቹ ዝም አሉ፣ ገሚሶቹ ግን ዛሬም አይደግፉትም። የሁለተኛው ዓመት ካርድ ሲታተም የጳጉሜን መስመር ወጣ፣ ለንስሐ አባት የሚል መስመር ይግባ አይግባ በድምፅ እኩል ለእኩል ተከፈለና ቦታው ባዶ ሆኖ ታተመ።